ፍርድ ካገኘሁ በኋላ የመጣው ተቃዋሚ፦ የተከራየ ጋራዥ ያስለቀቅሁበት መንገድ

ከቱሉ ዲምቱ ገባ ብሎ የሚገኘውን የጋራዥ ግቢዬን ያከራየሁት ሰው ኪራይ መክፈሉን አቁሞ፣ የውሉ ዘመን ካበቃ በኋላም አልለቅም ስላለ፣ ክስ መሥርቼ «ቤቱን ለቆ ያስረክብ፣ ውዝፉንም ይክፈል» የሚል ፍርድ አገኘሁ። ያ ክርክር የተለመደ ዓይነት በመሆኑ አልዘረዝረውም። የምጽፈው የአፈጻጸም መዝገብ ከተከፈተ በኋላ፣ በክሱ ውስጥ ስሙ ፈጽሞ ያልተነሳ ሦስተኛ ሰው «ግቢውን የያዝኩት እኔ ነኝ» ሲል ያቀረበውን መቃወሚያ እንዴት እንደተከራከርኩት ነው።

ሰውየው መጀመሪያ የሄደው ወደ አፈጻጸም ችሎቱ ነበር። ችሎቱ ፍርዱን እንደተጻፈ ከማስፈጸም አልፎ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሊመረምር እንደማይችል ገልጾ መለሰው። ተቃዋሚው ከዚያ በኋላ ፍርዱን ለሰጠው ችሎት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 መሠረት አመለከተ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በክሱ ተካፋይ ሊሆን የሚገባው ወይም የሚችል፣ ነገር ግን በራሱም ሆነ በወኪሉ ያልተከራከረና ፍርዱ መብቱን የሚነካበት ሰው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት እንዲቃወም ይፈቅዳል። ችሎቱም ሁለቱን ወገኖች ሰምቶ ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ብዙ አከራይ መቃወሚያ ሲገባ ሁሉ ነገር እንደ አዲስ የተጀመረ እየመሰለው ይደናገጣል፤ ይሁን እንጂ በእኔ መዝገብ አፈጻጸሙ የቆመው መቃወሚያ በመግባቱ ሳይሆን ተቃዋሚው እግድ ጠይቆ ችሎቱ ስለፈቀደለት ነበር። እኔም እግዱን ከመቃወም ይልቅ፣ እግዱ እስካለ ድረስ ተቃዋሚው የየወሩን ኪራይ በሞዴል 85 (ፍርድ ቤት በአደራ ለሚያስቀምጠው ገንዘብ በሚሰጠው ደረሰኝ) ፍርድ ቤት ገቢ እያደረገ እንዲቆይ ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝ። ከዚህ ሁሉ ክርክር እጅግ የጠቀመኝ ይህ ጥያቄ ይመስለኛል፤ በነጻ የሚገኝ ጊዜ ቀርቶ የሚከፈልበት ጊዜ ሲሆን ቀጠሮ የሚያስረዝም ሰው ጥቂት ነው።

የመቃወሚያው ፍሬ ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው ግቢውን ተከራይቼ ይዣለሁ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ለውዝፍ ኪራዩ ሲባል በአፈጻጸም የተያዙት ኮምፕሬሰርና የብየዳ ማሽን የእኔ ናቸው የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ አቤቱታ ቢጻፉም መንገዳቸው የተለያየ ነው። ጠበቃዬ እንዳስረዳኝ፣ ለዕዳ በተያዘ ንብረት ላይ የሚቀርብ ጥያቄ የሚታየው በቁጥር 418 መሠረት በአፈጻጸም ችሎቱ ሲሆን፣ ጠያቂው ንብረቱ በተያዘበት ጊዜ በእጁ እንደነበረ ወይም መብት እንደነበረው በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ማሽኖቹን በተመለከተ በስሙ የተቆረጡ የግዢ ደረሰኞች አቀረበ፤ ቁጥራቸውም በማሽኖቹ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አንድ ነበር። ስለዚህ ያንን ክፍል አልተከራከርኩትም። የሰው ንብረት ለሌላ ሰው ዕዳ ማስያዝ አግባብ ካለመሆኑም በላይ፣ ግልጽ ነገር እየካዱ መከራከር ዋናውን ጉዳይ ያዳክማል።

ዋናው ጉዳይ ግን ግቢው ነበር። ብዙ ነገር ልጽፍ እችል ነበር፤ ካርታ አለኝ፣ በስሜ የኪራይ ገቢ ግብር እከፍላለሁ፣ ጎረቤት ይመሰክርልኛል። ተቃዋሚው ግን ባለቤት ነኝ አላለም። ስለዚህ መልሴን በአንድ ጥያቄ ላይ አቆምኩት፦ ግቢውን የተረከበው ከማን ነው? ከእኔ ከሆነ ውሉን ያሳይ፤ ከተከራዬ ከሆነ ደግሞ መብቱ ከተከራዬ መብት ሊበልጥ አይችልም፤ የዋናው ተከራይ መብት ሲያበቃ ከእሱ የተቀበለው ሰው በምን ይቆማል? አቤቱታው ይህን ጥያቄ ሸፋፍኖ «በሕጋዊ መንገድ ይዤ እየሠራሁ እገኛለሁ» ብቻ ይል ነበር።

ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ የቤት ኪራይ ውል ማቅረቡ እንደማይቀር ስለገመትኩ፣ በቁጥር 145 መሠረት የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ከፋይሉ ውስጥ ያለውን ውል እንዲልክ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ አመለከትኩ። የመጣው ሰነድ ባለሁለት ገጽ ነበር። «አከራይ» በሚለው ቦታ የተከራዬ ስም ሰፍሯል፤ ከግርጌው በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ደግሞ ተከራዬ የክስ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ነበር። ዳኛው ቀኑን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና ተቃዋሚውን ስለ ክሱ ያውቅ እንደነበር ጠየቁት፤ አላውቅም አለ። እኔም አምነዋለሁ። ከችሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቆኝ «ጋሼ፣ የስድስት ወር ቀብድ ነው የተቀበለኝ፤ ግቢው የራሴ ነው ብሎኝ ነበር» አለኝ። ቀብዱን መጠየቅ ያለበት ከተቀበለው ሰው መሆኑን ነገርኩት፤ ሆኖም የእሱ መታለል የእኔን ፍርድ ሊያስቀር አይችልም።

በችሎት ያልረዳው ሌላም ክርክር ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ ሊያስወጣኝ አይችልም አለ። ከስሙ እንደሚታየው አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው፤ ዘይት የሚቀየርበትን ግቢ አይመለከትም። ዳር ላይ ባሉ ሰፈሮች ቤቱ ግማሹ መኖሪያ ግማሹ ሱቅ ስለሚሆን፣ የሚያከራይ ሰው ውሉ ላይ ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደተከራየ በግልጽ ቢያሰፍር ከዚህ ዓይነት ክርክር ይድናል።

ተቃዋሚው ሁሉ ግን እንዲህ በአንድ ጥያቄ አይመለስም። በእኛ አካባቢ መሬቱ ከአርሶ አደር በየእጁ የተላለፈ፣ ወራሽ የበዛበትና ካርታ የሌለው ይዞታ ብዙ ነው። የሚቃወመው ሰው ወራሽ ወይም የጋራ ባለቤት ሆኖ መብቱን ከተከራዩ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ ካገኘ፣ «ከማን ተረከብክ» የሚለው ጥያቄ ሊረዳው እንጂ ሊጎዳው አይችልም፤ ጉዳዩም ምስክር እየተሰማ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አሁን ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምመክረው፣ ክስ ከመጻፋቸው በፊት ግቢው ውስጥ በትክክል የሚሠራው ማን እንደሆነ ሄደው እንዲያዩ፣ የተለየ ሰው ካገኙም በክሱ አብረው እንዲጠሩት ነው።

መቃወሚያው ቤቱን በተመለከተ ውድቅ ሆኖ ፍርዱ ጸና፤ እግዱም ተነሣ። ርክክቡ በተፈጸመበት ቀን የአፈጻጸም ኦፊሰሩ ፖሊስና ታዛቢዎች ባሉበት በግቢው የተገኘውን ዕቃ መዘገበ፤ ኮምፕሬሰሩና የብየዳ ማሽኑ ለተቃዋሚው ተሰጥተው በአይሱዙ ጫናቸው። ቁልፉን ፈርሜ ከተረከብኩ በኋላ፣ በሞዴል 85 ገቢ የተደረገው ኪራይ ወጪ ሆኖ እንዲከፈለኝ ለችሎቱ አመልክቼ ተቀበልኩ። ውዝፉ ግን ከተከራዬ የሚፈለግ ሲሆን፣ የተያዙት ማሽኖች የእሱ ስላልነበሩ ሌላ ንብረቱ እስኪገኝ የዚያ ክፍል አፈጻጸም እስካሁን አልተዘጋም።