ለእናቴ 8 ዶላር

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብላክስበርግ ውስጥ ሆቴል መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ያለችው ይህች ከተማ 45 ሺህ ያህል ነዋሪ ሲኖራት ኑሮዋ ሁሉ በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ነው። አዲስ ተማሪዎች ወደ ማደሪያቸው በሚገቡበት ሳምንት አባት፣ እናት፣ አያትና አጎት ሁሉ ስለሚጎርፉ በሌላ ጊዜ በ120 ዶላር የሚገኝ ክፍል 390 ተጠየቅንበት፤ ያውም ከሁለት ሌሊት በታች አናከራይም ተብለን። አምስት ሰዎች ስለነበርን የሚያስፈልገን ሁለት ክፍል ነበር። ድምሩን ሳልጨርስ ስልኩን ዘጋሁት።

አርቪ እንከራይ ያለችው ባለቤቴ ናት። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው፣ ርዝመቱ 28 ጫማ የሆነ መኪና አገኘን። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ስነዳ ስለኖርኩ ግዙፍነቱ አላስፈራኝም፤ ያስፈራኝ ውሉ ነበር። በሌሊት ይህን ያህል፣ ከተወሰነ ማይል ካለፈ በየማይሉ ይህን ያህል፣ ጄኔሬተሩ ለሠራበት በሰዓት ይህን ያህል። ቤንዚኑን ደግሞ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ በአንድ ጋሎን ከ9 ማይል በላይ አይሄድም። ይህን ሁሉ ዋጥኩና ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ የት አቁመን እናድራለን የሚለው ጥያቄ መጣ።

እናቴ ዩኒቨርሲቲ የምትገባውን ልጃችንን ልትመርቅ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ስለ አርቪ ፓርክ ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝና፣

«መኪናውን ተከራይታችሁ፣ እዚያው መኪናው ውስጥ ተኝታችሁ፣ ለቆመበት መሬት ደግሞ ልትከፍሉ?» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ እዚህ አገር የመሸበት መንገደኛ ምን ይሆናል?»

እሷ ባደገችበት ቀዬ መንገደኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ካለ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል። የአሜሪካኖቹ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የትልልቅ መደብሮች የመኪና ማቆሚያ ነው፤ አንዳንዶቹ አርቪ በነጻ ያሳድራሉ። ነገሩ ግን በሥራ አስኪያጁ ፈቃድና በከተማው ደንብ ይወሰናል። እኔ የደወልኩበት አልፈቀደም። ቢፈቅድም ኤሌክትሪክ መሰካት ስለማይቻል በነሐሴ ወበቅ ጄኔሬተር ሌሊቱን ሙሉ ማስነሳት ግድ ይሆን ነበር፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ በሰዓት ያስከፍላል። ነጻ ያሉት ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ዋጋውን ማስከፈሉ አይቀርም።

ስለዚህ በስልክ ማጣራት ጀመርኩ። የፓርኮቹ ፎቶግራፎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አረንጓዴ ሣር፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ የሚስቁ ሽማግሌዎች። ከሃይዌዩ በስንት ርቀት እንዳለ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አንድም አላየሁም። እኔም የማልረሳቸውን ጥያቄዎች ያዝኩ። የኤሌክትሪክ መሰኪያው 30 አምፒር ነው ወይስ 50? የፍሳሽ ማስወገጃው ከቦታው ላይ አለ ወይስ ሌላ ስፍራ መሄድ ያስፈልጋል? በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል መውጣት ይቻላል ወይስ ወደ ኋላ እየነዱ መግባት ግድ ነው? ሰዎቹ በትዕግሥት መለሱልኝ። «ድምፅ አለ ወይ?» ስላቸው ግን ሁሉም «የለመደው ሰው አይሰማውም» አሉኝ።

ለመጀመሪያው ሌሊት ክፍት ቦታ የተገኘው ኢንተርስቴት 81 ከተባለው ሃይዌይ አጠገብ ባለ አንድ የግል ፓርክ ብቻ ነበር። ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፤ ዋጋው 78 ዶላር። ባለቤቴ የልጃችንን ዕቃ በትንሿ መኪናችን ጭና ከኋላ ተከተለችን። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለም፤ ሼናንዶዋ ሸለቆ ውብ ነው፣ የጭነት መኪናው ብዛት ግን ዓይን ከመንገድ አያስነሳም።

ቢሮው ስንደርስ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ ሰዎቹን ቆጠረች። ዋጋው ለካ ለሁለት አዋቂ ነው። ከዚያ በላይ ላለ አዋቂ በነፍስ ወከፍ 8 ዶላር ይጨመራል፤ የ12 ዓመቱ ልጃችን ነጻ፣ የ18 ዓመቷ ተማሪያችንና እናቴ ግን የሚከፈልባቸው ናቸው።

«ሁላችንም የምናድረው በአንድ መኪና ውስጥ ነው፤ እናቴ የምትይዘው ተጨማሪ መሬት የለም» አልኳት።

«ውሃ ትጠቀማለች» አለችኝ።

እናቴ የፍልሰታን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ነው የምትውለው! ይህንን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ባለቤቴ ክርኔን ያዘችኝ። ከፈልኩ። 16 ዶላር ያደኸያል ብዬ አይደለም የተናደድኩት። አገራችን የመንገድ ዳር ሆቴሎችም እንግዳ ማስከፈል ያውቁበታል፤ ግን እናትን ለብቻ ቆጥሮ ደረሰኝ የሚጽፍ ገና አላጋጠመኝም።

ሌሊቱን እንዲህ አሳለፍነው። የሰጡን ቦታ ከመደዳው መጨረሻ ላይ ነው። 30 አምፒር ማለት በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው፤ የጣሪያው አየር ማቀዝቀዣ እየሠራ ማይክሮዌቭና የሻይ ማፍያ ከተጨመሩ ብሬከሩ ኃይሉን ይቆርጣል። ይህንን አውቀን አንድ በአንድ ተጠቀምን። የማንቆጣጠረው ግን የሌሎቹን ማቀዝቀዣ ነበር። ሙቀቱ አልላላ ሲል መደዳው ሁሉ ማቀዝቀዣውን ስለከፈተ የእኛ ቮልት እየወረደ ሄዶ ጠቋሚው 103 ላይ ደረሰ። በዚህ መጠን ማስኬድ ሞተሩን ያቃጥላልና አጥፍቼ መስኮት ከፈትኩ። መስኮቱ ሲከፈት ኢንተርስቴት 81 አብሮን ገባ። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች በሞተር ፍሬን እያጓሩ ያልፋሉ። እሱን ለመድኩት ስል የባቡር መስመር መኖሩ ታወቀ፤ ከማቋረጫው ሳይደርስ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አሁንም አንድ ረጅም ይነፋል። በደንቡ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ይከበራል የሚል ተጽፏል። ባቡሩ ደንቡን አላነበበም።

«እንቅልፍ የለም እንጂ ነፋሱ መልካም ነው» አለች እናቴ በጨለማ ውስጥ።

ጠዋት ደግሞ ቡና አማራት። የፍልሰታ ቡና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው ብለን ብናስታውሳትም «ለእናንተ ነው እንጂ ለእኔ ነው ወይ?» ብላ በጋዙ ምድጃ ላይ መቁላት ጀመረች። ጢሱ ጣሪያ ሳይነካ የጭስ ጠቋሚው ደወል ጮኸ። ልጃችን በትራስ ያራግባል፣ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ የደወሉን ቁልፍ እፈልጋለሁ፣ እናቴ መቁያውን ይዛ «ይህ ቤት ቡና አያውቅም እንዴ?» ትላለች። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው፤ በካናቴራና በባዶ እግሩ፣ እሳት ማጥፊያ ታቅፎ።

እሳት አለመሆኑን ሲያውቅ ሳቀ። የግንባታ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ ለወራት እዚያው ይኖራል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ከተማ ዳር ባሉ ፓርኮች ብዙ ናቸው፤ ቤት ኪራይ ተማሪው ጋር ተሻምተው አይችሉትም። ስኒውን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ቢሮው ውስጥ ያልተነገረኝን ሁሉ ነገረኝ። ከመደዳው መጨረሻ ያሉት ቦታዎች ኃይሉ የሚደርሳቸው ደክሞ ነው፤ ስትይዝ ለኤሌክትሪክ ሳጥኑ የሚቀርበውን ጠይቅ። በመኸር የአሜሪካ እግር ኳስ ሰንበት ደግሞ ዝር አትበል፤ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ከ65 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፣ ይህም ከከተማዋ ነዋሪ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ሰማይ ይነካል። «ጸጥታ ከፈለግህ ሐይቁ ጋ ሂድ» ብሎ ወደ ደቡብ ጠቆመኝ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ፣ እናቴን እጅ ነስቶ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የነበረን ቆይታ አጭር ነበር። በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች መኪናውን ከበው ዕቃውን በደቂቃዎች ውስጥ ፎቅ ላይ አደረሱት፤ እናቴ ከደብረ ብርሃን ያመጣችው ሽሮና በርበሬ ሳይቀር። ሕንፃዎቹ በአካባቢው ከሚወጣ ግራጫ ድንጋይ የታነጹ ስለሆኑ ግቢው የድሮ ገዳም ግርማ አለው። ከሰፊው ሜዳ ዳር በግማሽ ክብ የተደረደሩ ድንጋዮች አሉ። እናቴ ምን እንደሆኑ ጠየቀች፤ ልጃችን በሚያዝያ 2007 እ.ኤ.አ. እዚህ ግቢ ውስጥ በጥይት ለተገደሉት 32 ሰዎች መታሰቢያ መሆናቸውን ነገረቻት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዛ እስከ ማደሪያው ድረስ አልለቀቀችም። ባለቤቴም እኔም ምንም አላልንም።

ሐይቁ የተባለው ክሌይተር ሌክ ስቴት ፓርክ ነው። ከሰዓት በኋላ ስደውል አንድ ሰው ቦታውን ሰርዞ ስለነበር ተገኘልን፤ ዋጋው ከ50 ዶላር በታች ሆኖ እናቴን የቆጠራት የለም። ከዩኒቨርሲቲው 35 ደቂቃ ያህል ይርቃል። ባለቤቴ ልጇን ስትሰናበት ቆይታ በትንሿ መኪና ብቻዋን ስትመጣ መሽቶ ነበርና ርቀቱን አልወደደችውም፤ እኔ ግን ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ 35 ደቂቃ ብዙ አይመስለኝም። ውሃና ኤሌክትሪክ ቦታው ላይ አለ፤ ፍሳሽ ግን የሚለቀቀው ሌላ ስፍራ ነው።

መግቢያው በዛፎች መካከል ስለሆነ ወደ ኋላ መንዳት ግድ ሆነ። መሪውን ሳዞር አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ወንበራቸውን ትተው መጡና ከኋላ ቆሙ። «በመስታወትህ ካላየኸኝ እኔም አላየሁህምና ቁም» አሉኝ። እጃቸውን እያወዛወዙ አንድ ቅርንጫፍ ሳልነካ አስገቡኝ። ባለቤታቸው ቋሊማ ጠብሰው በሳህን ላኩልን። እናቴ ጾም መሆኑን አስረድተን እንመልሰው ብትልም የሰው ስጦታ አይመለስም ብዬ ለልጄ ሰጠሁት፤ በሳህኑም ሽሮ በእንጀራ ተመለሰ። ሽማግሌው በሹካ ሊበሉት ሲሞክሩ እናቴ ተነስታ እንዴት እንደሚጠቀለል አሳየቻቸው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ቡናው በዚህ ጊዜ የተቆላው ውጪ፣ በእሳት ማንደጃው ላይ ነው። ማገዶውን የገዛነው ከፓርኩ ነው፤ ከሩቅ የመጣ እንጨት ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት ይዞ ስለሚዛመት ከቤት ይዞ መምጣት አይመከርም። ሐይቁ ኒው ሪቨር የተባለው ወንዝ በ1939 እ.ኤ.አ. በግድብ ተዘግቶ የተፈጠረ ነው። ወንዙ ከኖርዝ ካሮላይና ተነስቶ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ለእናቴ ስነግራት ዓባይን አስታወሰችና «ወደ ሰሜን የሚወርድ ሌላም አለ ለካ» ብላ ቅር ያላት መሰለችኝ። ሌሊቱን ከፌንጣ በቀር የሰማሁት የለም፤ ቮልቱም 118 ላይ ቆሞ አደረ። ማቀዝቀዣው አላስፈለገንም።

ስንወጣ ፍሳሹን ለቀቅን። ሽማግሌው እንደመከሩኝ በመጀመሪያ የመጸዳጃው ታንከር፣ ቀጥሎ የማጠቢያው፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። ልጄ ጓንት አድርጎ ቱቦውን ያዘልኝ፤ እናቴ ፊቷን አዙራ ቆየች።

መኪናውን ስንመልስ ተረካቢው ገና በሩን ከፍቶ አሸተተና የ150 ዶላር የጽዳት ቅጣት ጻፈ፤ ውስጡ ተጨሷል አለ። ውሉን አውጥቼ መስመሩን አሳየሁት፤ የተከለከለው ሲጋራ፣ ሲጋርና ፒፓ ነው። ቡና የሚል የለም። አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም መጥቶ አሸተተ፣ ሁለቱ ጥግ ይዘው ተነጋገሩ። እናቴ በአማርኛ «ምን አጠፋን?» ትለኛለች፤ «ዝም በይ እማዬ፣ እየረታሁ ነው» እላታለሁ። አለቃው ተመልሶ መጣና ወረቀቱን ቀደደው። ከየት ያለ ቡና እንደሆነ ጠየቀኝ።