የውሃ ሞተር መሸጥ ትተን በሰዓት ማከራየት እንዴት ጀመርን

ሸዋ ሮቢት ላይ የቤተሰባችን ሱቅ ለዓመታት የኖረው የውሃ ሞተርና መለዋወጫ እየሸጠ ነው። ሽንኩርት ባለበት ሞተር አይጠፋም፤ ሞተር ባለበት ደግሞ ብልሽት አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ትርፍ የምናገኘው ከሞተሩ ሳይሆን ከሪንጉ፣ ከፒስተኑና ከዘይቱ ነበር። የገበሬው ሞተር ሲቆም የእኛ ገበያ ይደራል። ክፉ ሆነን አይደለም፣ ንግዱ እንደዚያ ነው።

ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ ነገሩ ተለወጠ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ደንበኛው ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ "በል እስቲ እመለሳለሁ" ብሎ ይወጣል። ሶላር ፓምፕ እናምጣ አልኩ። አባዬ "ማን ሊገዛህ?" አለኝ። ልክ ነበር። ሶላሩም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ያን ያህል ብር በአንዴ የሚያወጣ ገበሬ ስንት አለ? ስለዚህ አንሸጥም፣ በሰዓት እናከራያለን አልን። ፓኔሎቹን የአህያ ጋሪ ላይ አሰርናቸው፤ ጠዋት አንዱ ማሳ፣ ከሰዓት ሌላው።

አሠራሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ብሪስቶል ሲድሊ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ1962 እ.ኤ.አ. ቫይፐር ለሚባለው የአውሮፕላን ሞተሩ ጥገናና መለዋወጫ በበረራ ሰዓት ማስከፈል ጀምሮ ነበር። በኋላ ኩባንያውን የገዛው ሮልስ ሮይስ በዚሁ ገፋበት። እንዲህ ሲሆን ብልሽቱ የሻጩ ኪሳራ ይሆናል። እኛም ጋ ያው ነው የሆነው፤ ድሮ ርካሹን ቱቦ አምጥተን ስንቸበችብ የነበርን ሰዎች አሁን ለራሳችን ሲሆን ጠንካራውን መምረጥ ቻልንበት።

መካኒካችን ግን አኮረፈ። ጥገና ከቀረ ምን ሊበላ ነው? ከኪራዩ ድርሻ ሰጠነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ፓኔሉን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለው እሱ ነው፣ ማንም ሳያዘው። የሮቢትን አቧራ የሚያውቅ ያውቃል፤ አቧራ የለበሰ ፓኔል ውሃው ይቀጥናል።

ከሁሉ የከበደን አከፋፈሉ ነበር። በየወሩ ክፈል ማለት እዚህ ቀልድ ነው፣ ሽንኩርቱ ሳይሸጥ ገበሬው ከየት ያመጣል? ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ሲነቀል አደረግነው። ባለሞተርና ባለመሬት የእኩል ሲሠሩ የኖሩበት አገር ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገንም። አንዳንዱ "ሽንኩርት ሲረክስ ኪራዩም ይውረድ" ብሎ ነበር፣ እምቢ አልን። እሱን ከተቀበልን እኮ የሽንኩርት ነጋዴ ሆንን ማለት ነው።

ሌላው፣ በወቅት ቁርጥ ዋጋ እንዳታከራዩ። ፀሐይ አታስከፍልም፣ ስለዚህ ሰው ፓምፑን ለቆት ይሄዳል፤ ከታች ያለው ማሳ ውሃ ያጥረውና ጠብ ይነሳል። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚፈልገው። ሰዓት ሲቆጠርበት ሁሉም ቆጣቢ ነው።

አሮጌውን ንግድ ቶሎ አትዝጉ የምለውም ለዚህ ነው፦ ደመና ሲሆን የነዳጁ ሞተር አሁንም ይወጣል። አባዬ የመለዋወጫውን መደርደሪያ እናንሳ ቢባል አይሰማም። እኔም አልከራከረውም፤ የመጀመሪያዎቹን ፓኔሎች የገዛው የሪንጉ ብር ነው።