ዲናሞ በግቢ ውስጥ መቀየር፦ የልምድ ማካፈያ ከባሕር ዳር

ዳሽቦርድ ላይ የባትሪ ምልክት በራ ማለት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞተ ማለት አይደለም። የላላ ቺንጊያ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ወይም የዛገ ማሳ (የባትሪው ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝበት) ያንኑ መብራት ያበራል፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ዲናሞ ወርዶ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ከመፍቻ ቁልፍ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይቅደም።

መኪናው አድሮ፣ ጠዋት ሞተር ሳይነሣ፣ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ደርሷል። ሞተር ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ቀጥሎ ትልቁን መብራት፣ የአየር ማራገቢያውንና ዋይፐሩን አንድ ላይ ክፈቱና ነዳጅ ትንሽ ስጡት፤ ከ13.5 በታች ከወረደ አቅም አንሶታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዲናሞ ችግር ድንገት የመጣ የሚመስለው ሦስቱም አብረው ስለሚሠሩ ነው፤ በጋውን ሙሉ ተደብቆ የቆየ ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባትሪውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።

ቮልቱ አንሷል ብላችሁም ቶሎ አትፍቱ። ሞተሩና መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ገመድ በሚታሰርበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ገመዱን፣ ማሰሪያውንና ዋናውን ፊውዝ ተመልከቱ። በዲናሞው አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ0.2 በላይ ከሆነ ጥፋቱ ማሳው ላይ ነው። ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ ማጥበቅ ይበቃዋል፤ ወጪው የወረቀቱ ዋጋ ነው።

ሌላው፣ ቁልፍ ሲከፈት ሞተር ሳይነሣ የባትሪው ምልክት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ቀጭኑ ገመድ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ዲናሞ ያለዚያ ገመድ ሥራ አይጀምርም። ቁልፉ እንደተከፈተ የካቻቢቴ ጫፍ ወደ ዲናሞው ጀርባ፣ ወደ መካከሉ ስታስጠጉ ሳብ ካደረገው ውስጡ ማግኔት እየሠራ ነው። ጨርሶ ካልሳበ መጀመሪያ ካርቦኑን፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን፣ ጠርጥሩ። አዲስ ካርቦን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይታያል፤ ከ5 በታች ከደረሰ ካርቦኑን ብቻ መቀየር ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት ያድናል።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ "ጠፋ፣ አልጠፋ" ማለት ይቅር። በካርቡሬተር መኪና ላይ ያለ ጉዳት ያለፈላቸው አሉ። ቪትዝና ያሪስ ላይ ግን ባትሪው ድንገት ሲለይ ቮልቱ ይዘልና የዲናሞውን ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) የሞተሩን ኮምፒውተርም ይበላል።

"የጣና እርጥበት ዲናሞ ይጨርሳል" የሚባለውን አንቀበለውም። ጣና ጨው የለውም። ዲናሞ የሚገድለው ላቫጆ ላይ ኮፈን ተከፍቶ በግፊት የሚረጭ ውሃ፣ ክረምት ከአስፋልት ሲወጣ የሚገባ ጭቃና ከላይ የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት ነው። በተለይ ዘይቱ፦ ምንጩ ካልተዘጋ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ምትክ ስትገዙ፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ስታስመጡም ጭምር፣ አሮጌውን አጠገቡ አድርጋችሁ አመሳስሉ፦ የሶኬቱ ቅርጽና የእግሮቹ ብዛት፣ የመታሰሪያ ጆሮዎቹ ርቀት፣ ቺንጊያው የሚዞርበት የፑሌጃ መስመሮች ብዛት፣ አምፔሩ። የአይሱዙ ጭነት መኪና ዲናሞ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሆነ ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈሉ። ፑሌጃውን በእጅ አዙሩት፤ የአሸዋ ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል።

አፈታቱ አጭር ነው። ለአብዛኛው ትንሽ ቶዮታ 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ ይበቃል። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ይህ የማይዘለልበት ምክንያት የዲናሞው ወፍራም ገመድ ሞተር ቢጠፋም ቀጥታ ከባትሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው፤ ቁልፋችሁ አካሉን ቢነካ ብልጭታው ቁልፉን ይበይደዋል። የቺንጊያውን አካሄድ በስልክ ፎቶ አንሡ። የላይኛውን ማጥበቂያና የታችኛውን ረጅም ብሎን አላሉ፣ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ገፍታችሁ ቺንጊያውን አውጡ፤ ከዚያ ሶኬቱን፣ ወፍራሙን ገመድ፣ በመጨረሻ ብሎኖቹን። ሶኬቱ በገመዱ አይጎተትም፤ ምላሱ ተጭኖ ነው የሚወጣው።

የናፍጣ ሚኒባስና ሃይሉክስ ያላችሁ ግን ቆም በሉ። በብዙዎቹ ላይ የፍሬን መርጃው ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ዘይት በቱቦ ይመጣለታል። ቱቦው በደንብ ሳይታሰር ሞተር ከተነሣ ዘይቱ ይፈስሳል፤ የቫኪዩሙ ጎማ ከተረሳ ደግሞ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። አዲሱን ከማስነሣታችሁ በፊት በፓምፑ ዘይት መግቢያ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጉ።

ሲገጠም ብዙ ሰው የሚቸገረው አዲሱ ዲናሞ በመያዣው መካከል አልገባ ሲል ነው። አትደብድቡት። ጆሮው ውስጥ ያለችው የብረት ቡሽ ተንሸራታች ናት፤ በቀስታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ መታ አድርጋችሁ ስታስወጧት ቦታ ትለቃለች፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ራሷ ተመልሳ ትይዛለች። የወፍራሙ ገመድ ዳዶ በደንብ ይጥበቅ፤ ከላላ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። የጎማ ክዳኑንም መልሱ።

ቺንጊያው ረጅሙ ክፍል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ከላላ ጠዋት ይጮኻል፣ አይሞላም። ከመጠን በላይ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ፣ ያው ቺንጊያ የውሃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነም የፓምፑን ይበላል። አሮጌ ቺንጊያ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ አብራችሁ ቀይሩ፤ ለዚያ ብቻ ሁለተኛ መፍታት አያስፈልግም።

ባዶ ባትሪ አዲስ ዲናሞ ላይ አትጫኑበት፤ ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ዳዮዱ ይግላል። ባትሪውን በቻርጀር ሞልታችሁ፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ አስራችሁ አስነሡና የመጀመሪያውን ልኬት ድገሙ። ከሁለትና ሦስት ቀን መንዳት በኋላ ቺንጊያውን እንደገና ተጫኑት፤ በተለይ አዲስ ከሆነ ይለጠጣል። ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው ግን እያደረ ከወረደ፣ ሞተር ጠፍቶ ወፍራሙን ገመድ ከዲናሞው ለይታችሁ አሳድሩት፤ ጫፉ በጎማ ተሸፍኖ አካል እንዳይነካ። ጠዋት ቮልቱ ካልወረደ በዳዮድ በኩል የሚያፈስ ዲናሞ ነው የተሸጠላችሁ።