የእኔ ቁጥር 4,294,967,297

የሚወዱትን ቁጥር ሲጠየቁ ሰባት የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። የእኔ 4,294,967,297 ነው፤ ማለትም 2³² + 1። ዝናውን ያገኘው የተጠበቀበትን ባለመሆኑ ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ከ2¹ ተነሥቶ አርቢውን በእጥፍ እያሳደገ (2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸፣ 2¹⁶)፣ በእያንዳንዱ ላይ 1 ሲጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 አገኘ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፈው ደብዳቤ ተከታዮቹም እንደዚያው እንደሚሆኑ እምነቱን ገለጸ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ስድስተኛው የእኔ ቁጥር ነበር። በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ጉዱን አወጣው፦ 641 × 6,700,417።

ፌርማን የሚያህል ሰው 641 ሳይታየው መቅረቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ኦይለር ኋላ እንዳረጋገጠው የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ በ64 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። ይህን ለሚያውቅ ሰው መሞከር ያለባቸው 193፣ 257፣ 449 እና 577 ብቻ ናቸው፤ ቀጣዩ ራሱ 641 ነው።

ማካፈሉን ማንም ያካፍላል። እኔን የሚማርከኝ ሳያካፍሉ ማሳየቱ ነው። 641 ሁለት መልክ አለው፦ በአንድ በኩል 640 + 1፣ በሌላ በኩል 625 + 16። 640 ማለት 5 × 2⁷ ስለሆነ 640⁴ የ625 እና የ2²⁸ ብዜት ነው። በ625 ፈንታ 641 − 16 እናስገባ፤ 16 × 2²⁸ ደግሞ 2³² ነውና

640⁴ = 641 × 2²⁸ − 2³²

ይሆናል። ቦታ ብናቀያይር፦

2³² + 1 = 641 × 2²⁸ − (640⁴ − 1)

የመጀመሪያው ክፍል 641ን በግልጽ ይዟል። በቅንፍ ያለውም ሲተነተን 639 × 641 × (640² + 1) ነው። አለቀ! ትልቁን ቁጥር በአኃዝ መጻፍ እንኳ አላስፈለገም።

ሌላም መንገድ አለ። 65,536² + 1² ይህን ቁጥር ይሰጣል፤ 62,264² + 20,449²ም ይሰጣል። ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሊጻፍ ስለማይችል፣ አካፋዩን ሳናውቅ እንኳ ብቸኛ እንዳልሆነ ተረጋገጠ ማለት ነው። (ማባዛቱን በእጅ መሥራት አሰልቺ ነው፤ ግን ይወጣል።)

ብቸኛ ቁጥር ቢሆን ኖሮ፣ በሒሳብ ሊቁ በጋውስ ሥራ መሠረት 4,294,967,297 እኩል ጎኖችና እኩል ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሥራት ይቻል ነበር። ይህ አልተፈቀደለትም። ነገር ግን አምስቱን የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች፣ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537፣ ስናባዛ 4,294,967,295 እናገኛለን፤ ከእኔ ቁጥር በሁለት ብቻ ያንሳል። በዚያ መንገድ ሊሠሩ እንደሚችሉ ከሚታወቁት፣ የጎኖቻቸው ቁጥር ኢተጋማሽ ከሆነ ቅርጾች መካከል ትልቁ ይኸው ባለ 4,294,967,295 ጎን ነው።