«ያንተስ ልጅ የት ሊገባ ነው?»

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዤ እንደቆምኩ፣ ልጆቻችን አብረው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉልን አንዲት እናት «ያንተስ ልጅ የት ሊገባ ነው?» አሉኝ። የሳቸው ልጅ ለሦስት ዩኒቨርሲቲ አመልክታ ጨርሳለች። «እያየን ነው» አልኩና ሻዩን ጎንጨት አደረግሁ። ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ።

እውነቱን ልናገር ብል ምን ልላቸው ነበር? ልጄ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ አዮዋ ውስጥ ይሁን ሌላ ቦታ፣ እኔ ረግጬው የማላውቅ ከተማ ሄዶ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቤት እያደረ፣ ያለ ደመወዝ በረዶ ላይ ዱላ ይዞ ይሮጣል ልበል? ባለፈው ሐሙስ የበረዶ ሆኪ አሰልጣኙ ጠርቶ የነገረን ግን ይኸንኑ ነው። «አሯሯጡ ጥሩ ነው፣ ጨዋታም ያነባል፣ ሰውነቱ ግን ገና ነው። ሁለት ዓመት ከኮሌጅ በፊት ባለው ጁኒየር ሊግ ይጫወትና በ20 ዓመቱ ኮሌጅ ይፈልገዋል» አለን። ባለቤቴ የሰማችው «ሁለት ዓመት» የምትለውን ብቻ ነው። እኔ ጆሮዬ የቀረው «ይፈልገዋል» ላይ ነው። ማን እንደሚፈልገው አልተናገረማ።

ሆኪ ቤታችን የገባው በስጦታ ነው። ልጁ ስድስት ዓመቱ እያለ ጎረቤታችን ለልጃቸው የጠበበ የበረዶ ጫማ ሰጡት፤ እኛ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ከምንኖርበት ሁለት መንገድ ርቆ መናፈሻው በክረምት ውኃ እየተረጨበት በረዶ ይሆናል። ሁለት ክረምት ተጫውቶ ይተወዋል ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣውን ገንዘብና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የተነዳውን መንገድ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይኼን ማስታወሻ ልታነበው ትችላለች።

ስለ ኮሌጅ ሆኪ ማሰብ የጀመርኩት ግን ኤፕሪል 13 ቀን 2024 ማታ ነው። ቅዳሜ ነበር። የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ያኔ ኤክሴል ኢነርጂ ሴንተር ይባል ለነበረው አዳራሽ ቅርብ ነው። ክፍያው ወደ ማሽን ከዞረ ወዲህ ሥራዬ ማሽኑ ካርድ ሲውጥ መሮጥ ነው። የዚያን ቀን የአገሪቱ የኮሌጅ ሆኪ ፍጻሜ ነበረ፣ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ከቦስተን ኮሌጅ። የልጄ ጓደኛ አባት ትርፍ ትኬት ስላገኙ ልጄ ውስጥ ነው። አንድ ሰውዬ ቡናማ ቀይና ወርቃማ ቀለም ያለው ሹራብ ለብሶ ሲያልፍ የኛዎቹ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ የጎፈሮች ደጋፊ መስሎኝ «ጎ ጎፈርስ!» አልኩት። ሳቀብኝ። የቦስተን ኮሌጅም ቀለም ያው ኖሯል።

ያ ቦስተን ኮሌጅ በዚያ ዓመት የሚያስፈራ ቡድን ነበር። ዊል ስሚዝ፣ ራያን ሌናርድና ጋብ ፔሮ የሚባሉ ሦስት ፍሬሽማኖች (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች) በአንድ መስመር ያጠቃሉ፤ ሦስቱም በ2023ቱ ድራፍት፣ ማለትም የባለሙያዎቹ ሊግ የኤንኤችኤል ክለቦች ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት፣ በመጀመሪያው ዙር የተመረጡ ናቸው። ስሚዝ ብቻውን 71 ነጥብ ሰብስቧል። በሆኪ ግብ ማስቆጠርም ማመቻቸትም እኩል አንድ ነጥብ ነው። ግብ ጠባቂያቸው እንኳን ፍሬሽማን ነበር። ዴንቨር 2 ለ 0 አሸነፋቸው። ማት ዴቪስ የሚባለው የዴንቨር ግብ ጠባቂ 35 ምት አዳነ። ይኼ ልጅ በድራፍት ያነሳው ክለብ የለም። ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዓመታት በአብዛኛው ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆኖ የሌላ ሰው ጨዋታ ሲያይ ነው ያሳለፈው።

ልጄ ከጨዋታው በኋላ ድምፁ ተዘግቶ መጣ። የፈረቃዬን ማለቂያ እየጠበቀ የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስለ ስሚዝ ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ «ባባ፣ ግብ ጠባቂው እኮ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ ነበር» አለኝ። 16 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በትምህርት ቤቱም ዋናው ቡድን ውስጥ አልገባም። ዓረፍተ ነገሩ ስለማን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ እኔም ዋንጫ የሚያነሣው ዝነኛ ፍሬሽማን የለቀመ ነው ወይስ ታግሦ ልጅ ያሳደገ እያልኩ እንደ ጠበቃ መዝገብ ማገላበጥ ጀመርኩ። ዴንቨር በዚያው ሳምንት ሐሙስ የጣለው ቦስተን ዩኒቨርሲቲን ነው፣ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1። እዚያ ደግሞ የሚጫወተው ማክሊን ሴለብሪኒ ነበር፤ 17 ዓመቱ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ሆቢ ቤከር የወሰደ ልጅ። እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ የአገሪቱን ዝነኛ ፍሬሽማኖች በሙሉ ወደ ቤት ላኳቸው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም ዓመት፣ 2023፣ ይኸው ነው። ኩዊኒፒያክ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ከኮነቲከት መጥቶ ሐሙስ ዕለት የሚሺጋኑን አዳም ፋንቲሊን፣ ቅዳሜ የኛን የጎፈሮቹን ሎጋን ኩሊን አስለቀሰ። የኩሊው እስካሁን ያመኛል። ታምፓ ላይ 2 ለ 0 እየመራን፣ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር አቻ አደረጉን፤ ጭማሪው ሰዓት በተጀመረ በ10ኛው ሴኮንድ ጄኮብ ኩዊለን ጨረሰው። ማቀዝቀዣ ከፍቼ ውኃ ሳወጣ ያመለጠኝ ግብ ነው። ጎፈሮች ከ2003 ወዲህ ዋንጫ አላነሡም። ኩሊ ለሁለተኛ ዓመት እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ጁላይ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ለኤንኤችኤሉ ክለብ ለአሪዞና ፈረመ። አልፈርድበትም። እኔም በ19 ዓመቴ እንዲያ ያለ ወረቀት ቢቀርብልኝ ብዕሩን ራሴ አመጣ ነበር።

ሆቢ ቤከርን በፍሬሽማንነታቸው የወሰዱት አራት ናቸው፦ ፖል ካሪያ በ1993፣ ጃክ አይክል በ2015፣ ፋንቲሊ በ2023፣ ሴለብሪኒ በ2024። ከአራቱ በዚያው ዓመት ዋንጫ ያነሣው ካሪያ ብቻ ነው። እሱም 100 ነጥብ የሰበሰበበት ዓመት ነው፤ ሜይን ዩኒቨርሲቲም በዚያ የውድድር ዘመን የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው። ግን ፍጻሜውን ልብ በሉልኝ። ሚልዋኪ ላይ ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የገቡት 4 ለ 2 እየተመሩ ነው። ጂም ሞንትጎመሪ የሚባለው አምበላቸው ሐትሪክ ሠርቶ 5 ለ 4 አሸነፉ፤ ሦስቱንም ያመቻቸለት ካሪያ ነው። ሞንትጎመሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ድራፍትም ያደረገው የለም። ልጁ አቀበለ፣ ሽማግሌው አገባ። (23 ዓመት በኮሌጅ ሆኪ ሽምግልና ነው።) ያው ሞንትጎመሪ ኋላ አሰልጣኝ ሆኖ በ2017 ዴንቨርን ለዋንጫ አበቃ፤ ሲሄድ ወንበሩን የያዘው ረዳቱ ዴቪድ ካርል ነው። ካርል በ2008 ዴንቨር ሊጫወት ሲዘጋጅ የልብ ሕመም ተገኘበትና ጨዋታ ተከለከለ። ትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፑን አልነጠቀውም፤ አንዲት ጨዋታ ሳይጫወት አስተማረው፣ በረዳትነት አስቀመጠው። በ2022 እና በ2024 ዋንጫ ያመጣላቸው እሱ ነው። ትዕግሥት ማለት ለኔ የካርል ነገር ነው፤ ከተጫዋች ምንም ሳይጠብቁ ያሳደጉት እሱን ብቻ መሰለኝ።

የሌሎቹን ግን «ማሳደግ» ሲሉት ደስ አይለኝም። ሰዎች ሲከራከሩ ሁለት ዓይነት አሰልጣኝ ያለ ይመስላቸዋል፤ አንዱ ኮከብ ለቃሚ፣ አንዱ ችግኝ ተካይ። ዴንቨርም እኮ በዚያ ፍጻሜ ዚቭ ቡዩም የሚባል 18 ዓመት የሆነው ፍሬሽማን ተከላካይ ነበረው፤ ከሁለት ወር በኋላ የኛው የኤንኤችኤል ክለብ ሚኒሶታ ዋይልድ በ12ኛ ቁጥር መረጠው። ሌላውም ነገር፣ እነዚያ «ያደጉ» የሚባሉት ልጆች ሲመጡ 20 ወይ 21 ዓመታቸው ነው። አብዛኛውን ያሳደጋቸው ኮሌጁ አይደለም። ዋተርሉ ወይም ዱቡክ የመሰለ የአዮዋ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ቁርስ ሰጥታ፣ ወላጆች ከሩቅ የጥርስ ሐኪም እየከፈሉ፣ ልጁ ራሱ ጓደኞቹ ከዩኒቨርሲቲ የሚልኩትን ፎቶ እያየ ያደገ ነው። ኮሌጁ የሚቀበለው የበሰለውን ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ሐሙስ ዕለት ቀለል አድርጎ «ሁለት ዓመት» ሲል፣ ሁለቱ ዓመታት ከማን ላይ እንደሚቆረጡ ማስላት ጀመርኩ።

እኛ ቤት ደግሞ ስሌቱ ይከብዳል። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ አንድ ዓመት መድገም ሰፈር የሚያውቀው ነውር ነበር። እዚህም ያው ነው፤ ጥያቄው «ምን ይፈልጋል?» ሳይሆን «የት ገባ?» ነው። ሐሙስ ማታ ለባለቤቴ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ላባብላት ሞከርኩ። «የኛ እንቁላል ግን አዮዋ ነው የሚሄደው» አለችኝ። ቀጥላም እንቁላል ካነሣን አይቀር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ስለሆነ ልጁ ጨዋታ ባለው ቀን ጠዋት አራት እንቁላል መብላቱን እንድናቆም ነገረችኝ። በዚህኛው ክርክር አሰልጣኙም እኔም አናሸንፋትም።

ከባዱ ነገር ደግሞ የ2025ቱ ነው። እስከዚያ ድረስ በካናዳ ሦስቱ ትልልቅ የጁኒየር ሊጎች የተጫወተ ልጅ የወር ኪስ ገንዘብ ስለሚቀበል እንደ ባለሙያ ተቆጥሮ የአሜሪካ ኮሌጅ በር ይዘጋበት ነበር። ኖቬምበር 2024 የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ደንቡን ለወጠ፤ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሩ ተከፈተ። ወዲያው ጋቪን ማኬና ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከካናዳ፣ ከዩኮን የመጣ ልጅ ነው፤ በ2024-25 የውድድር ዘመን ሜዲስን ሃት በሚባል የጁኒየር ቡድን በ56 ጨዋታ 129 ነጥብ ሰብስቧል፤ ወደ ኮሌጅ ሲመጣ 17 ዓመቱ ነበር። ሁሉም ያወራው ስለ እሱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከማኬና ኋላ ያለው ሰልፍ ነው። እዚያው ካናዳ 19 እና 20 ዓመት የሞላቸው፣ ኮከብ ያልሆኑ፣ ጠንካራ ልጆች በብዙ መቶ አሉ። አንድ ቡድን 26 ሰው ይይዛል ቢባል፣ ለአራት ብናካፍለው በዓመት ስድስት ሰባት ቦታ ይከፈታል። ያን ቦታ የሚጠብቀው የኛ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ጠብቆ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ከካናዳ፣ ከሳስካችዋን የመጣ ሰው ተቀምጦ ቢያገኘውስ? ይኼን አሰልጣኙን ጠየቅሁት። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝ። እዚህ አገር ጥያቄህ ጥሩ ነው ከተባልክ መልስ የለም ማለት ነው።

ያም ሆኖ ኤፕሪል 2025 ላይ ዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በፍጻሜው ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 2 ሲረታ ሳሎን ቁጭ ብዬ አየሁ። በታሪኩ የመጀመሪያ ዋንጫው ነው። ዴንቨርንም ከሁለት ቀን በፊት በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ጥሎት ነበር። ልጄ ሶፋው ላይ ጉልበቱ ላይ በረዶ አሥሮ ያያል። የተጫዋቾቹን ዕድሜ አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ «ይኼ 23፣ ያኛው 22» እያለ ይቆጥርልኛል። ሌላው ልጅ የመኪና ዋጋ እንደሚያውቀው ማለት ነው። ያኔ ነው የ2024ቱ ዓረፍተ ነገር የገባኝ። ለካ ይኼ ልጅ ከኛ በፊት ዓመታቱን ቆጥሮ ጨርሷል።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከፈረቃ የገባሁት እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ልጁ ተኝቷል፤ ጓንቶቹ ማሞቂያው ላይ ተሰጥተው ቤቱ እንደ ፍየል በረት ይሸታል። ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ መብራት አብርታ ተቀምጣ አገኘኋት። የጁኒየር ሊጉ ወረቀት ፊቷ ተዘርግቷል፤ ስለሚያድርበት ቤት የሚያወራው ገጽ ላይ ነች። ጫማዬን እስካወልቅ ምንም አላለችኝም።

«ሰዎቹ ውሻቸውን ቤት ውስጥ ያስገባሉ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ጠይቅ እንጂ» አለችና ገጹን ገለበጠች።