«ሐረር» ሲባል የምትገለጠው ካርታ

የእጅ ቅልጥፍና ከማይጠይቁት የካርታ ትርዒቶች ውስጥ ለፊደላችን በጣም የሚመቸው የዘጠኝ ካርታው ነው። መሠረቱ የአሜሪካዊው የጂም ስታይንማየር ሥራ ነው፤ እሱ ግን የእንግሊዝኛ ቃላት ፊደል ቆጥሮ ስለሠራው ለአማርኛ ቃላቱን መቀየር ግድ ነው።

ተመልካቹ 9 ካርታ ይበውዝ። ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጎ ሦስት ሦስቱን በሦስት ቦታ ይከምር። ደስ ያለውን ክምር አንስቶ የታችኛዋን ካርታ ይይ፤ ከዚያ ያንን ክምር በሌሎቹ ሁለት ላይ ይጫነው። ካርታዋ አሁን ከላይ 3ኛ ናት።

ቀጥሎ ስሙን ፊደል በፊደል ይጥራ፣ በየፊደሉ አንዳንድ ካርታ አንዱን ባንዱ ላይ ይጣል፣ እጁ ላይ የቀረውን ከላይ ይጫንበት። አሚና 3 ትጥላለች፣ አብዱልቃድር 7 ይጥላል፤ የሁለቱም ካርታ 7ኛ ላይ ትቀመጣለች። ሲጣል ተራው ስለሚገለበጥ ከላይ 3ኛ የነበረችው ከታች 3ኛ ትሆናለችና። አሁን «ድሬዳዋ»፦ አራት ይጣል፣ ቀሪው ይጫን። 7ኛዋ ተመልሳ 3ኛ ሆነች። በመጨረሻ ሐ፣ ረ፣ ር። በ«ር» የወደቀችው ትገለጥ። እንዴት ያምራል!

ሳራ፣ ዓሊ፣ ሙሳ ሲመጡ ግን ይበላሻል፤ ባለ ሁለት ፊደል ስም ካርታዋ ላይ አይደርስም። መፍትሔው «ከነአባትህ» ማለት ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። ድምሩ ከ9 እንዳያልፍ ብቻ።

ሌላው ስሕተት በስሙ ዙር የሚፈጠረው ነው። ባለ አራት ፊደል ስም ያለው ሰው አንድ በአንድ መጣል ሲገባው አራቱን ባንዴ ቆጥሮ ካስቀመጠ ተራው አይገለበጥም፣ ካርታዋም ትጠፋለች። በ«ድሬዳዋ» ዙር እንዲያ ቢያደርግ ምንም አይደል፤ የምንፈልጋት ከሚጣሉት አራት ውስጥ የለችም። ካርታዋ በ«ረ» ከወጣች ደግሞ ወይ ሲጀመር የነበሩት 8 ናቸው፣ ወይ በ«ድሬዳዋ» ዙር ሁለት ተጣብቀው ወድቀዋል። በድሬ ሙቀት፣ በላብ እጅ፣ ያረጀ የወረቀት ካርታ መጣበቁ አይቀርም፤ የፕላስቲክ ካርታ ያዙ፣ እጅም በፎጣ ይደረቅ። ከዛፍ ሥር ከሆነ ነፋሱ እንዳይገልጣቸው ጥላውን ብቻ ሳይሆን ከለላም ፈልጉ።

በቪዲዮ ጥሪ ይህ ትርዒት ይበልጥ ይደምቃል። ሃያ ሰው በየቤቱ የየራሱን ካርታ ይዞ የየራሱን ስም ይጠራል፣ ሁሉም በአንድ «ር» ይገልጣሉ። የሁሉም ማይክ ይዘጋ፤ ድምፅ እየዘገየ ስለሚደርስ አብሮ መቁጠር ያደናግራል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁሉም አውራ ጣቱን እስኪያሳይ ጠብቁ። የስልካችሁን ካሜራ ከላይ ወደ ታች አዙራችሁ የራሳችሁን ስም በቀስታ ጣሉና አሳዩ፤ «ቀሪውን ከላይ» የሚለው በቃል ብቻ ከተነገረ ከታች የሚያስገባ አይጠፋም።

ለተመሳሳይ ሰዎች ከደገማችሁ ቃላቱን ቀይሩ፦ ለባለ አራቱ «ጨለንቆ»፣ ለባለ ሦስቱ «ከፊራ» ይሆናል።