ዘነበች እና ወለተ ማርያም

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላው የአክስቴ ስም ነው። መታወቂያዋ ላይ «ዘነበች»፣ የቁርባን ወረቀቷ ላይ ደግሞ የክርስትና ስሟ፣ «ወለተ ማርያም»። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋና «እማማ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አላት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የኔ ልጅ፣ ሁለት ብሆን ኖሮ አንዷን ልኬ እኔ እቤቴ እቀር ነበር» አለችው።

እኔን ትዝ ያለኝ አሜሪካዊው ፈላስፋ ሶል ክሪፕኪ ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ገና በ29 ዓመቱ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ስለ ስም ሦስት ሌክቸር የሰጠው፣ ያውም ያለ ማስታወሻ። አንዱ ምሳሌው አጥቢያ ኮከብ ነው። ማለዳ የሚታየውና ማታ የሚታየው ኮከብ አንድ ፕላኔት፣ ቬነስ፣ መሆኑን የሰው ልጅ ያወቀው ሰማይ እያየ ነው፤ ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ አይደረስበትም። አንድ ከሆነ ግን፣ ነገሮች ምንም ቢለዋወጡ ያ ነገር ከራሱ ሊለይ አይችልም። «የግድ እውነት» እና «ሳያዩ የሚታወቅ» ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ለልጁ ላስረዳው አሰብኩና ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አይቼ ተውኩት።

ታክሲ ውስጥ ጠየቅኳት። ዘነበች የተባለችው በተወለደችበት ቀን ስለዘነበ ነው።

«ያን ቀን ባይዘንብስ ኖሮ?»

«ሌላ ስም ያወጡልኝ ነበራ!»

«አንቺ ግን አንቺው ነበርሽ?»

«ታዲያ ማን ልሆን ኖሯል?»

ክሪፕኪም ከዚህ የተለየ አላለም።

ሰኞ ሦስት ምስክር ይዛችሁ ተመለሱ ተብለናል።